ስለ ሽማግሎች አእምሮ መድከምና የአንጎልን ውስጥ ስለሚያሳየው ሥዕል

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ቤት ንጽሕና በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ሽማግሎችና ስለ ባልቴቶች ጤና ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ሽማግሌ የቤት ምሰሶ ነው፤ ምሰሶውም ሲናጋ ቤቱ ሁሉ ይናጋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የሽማግሌ አእምሮ ስለሚደክምበት ምክንያት፥ በዚህ ዘመንም ሊቃውንት የሕያውን ሰው አንጎል በሥዕል አይተው ስላገኙት ነገር፥ ቤተ ሰብም ማድረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ጥቂት ቃል እንናገራለን። ዓመታቱን የምንጽፈው ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

ነገሩ በስፍራ እንዲታይ ወደ ይፋት ቆላ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጣርማ በርን ይሻገራል፤ ከዚያም በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር ይገባል። አገሩ ጤፍና ማሽላ፥ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት፥ ከወንዝ በቦይ ውሃ እየተጠለፈ የሚታረስበት ለም ቆላ ነው። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የይፋት ሱልጣኖች የገዙት አገር ነው፤ በኋላም ዘመን አልዩ አምባ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገበያዩበት ስፍራ ነበረች። ዐማራውና አርጎባው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ስለ ሆነ የሽማግሌ ቃል እጅግ የከበረ ነው። የመሬት ድንበር የት እንደ ነበረ፥ የደም ካሣ እንዴት እንደ ተከፈለ፥ ማን ለማን ዋስ እንደ ሆነ በቃል የሚያውቅ ሽማግሌው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ማስታወስ ሲሳነው የጠፋው የአንድ ሰው ነገር ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ መዝገብ ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ የ70 ዓመት ሽማግሌ አለ እንበል። ዱሮ ሁለት ተካሳሾችን በአንድ ቀን የሚያስታርቅ ሰው ነበረ፤ አሁን ግን ነገሩን ከመካከል ሲያደርስ የጀመረበት ይጠፋበታል። እርምጃው አጭርና ቀርፋፋ ሆነ፤ ሽንቱን መቋጠር አቃተው፤ ዝም ይል የነበረው ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ደስታም ኀዘንም ከፊቱ ላይ እየጠፋ ሄደ። ጎረቤቱ «ጃጀ» ይላል፤ አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ዛር ነው ይላል። ታላቅ ልጁ «በሬዎቹን ሸጠን አዲስ አበባ ወስደን አንጎሉን እናስነሣ» ብሎ ይከራከራል። ታናሹ «እርጅና ነው፤ ለእርጅና መድኃኒት የለውም» ይለዋል። ሦስተኛውም አባቱ ፈጽሞ ሳይረሳ በመሬቱ ወረቀት ላይ ጣቱን እንዲያስነካ ይቸኩላል። እነዚህ ሦስት ወንድማማቾች በብዙ ቤት ይገኛሉ፤ የምንጽፈውም ለእነርሱ ነው።

ይህ ነገር የድኻ ቤት ብቻ እንዳይመስል የታወቀውን የመንግሥታችንን ታሪክ እናስታውሳለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1844 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ ከመቅደላ አምልጠው በ1865 ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላም የይፋትን ቆላ ከላይ በምትመለከተው በአንኮበር ተቀመጡ። በመጨረሻው ዘመናቸው የአንጎል ምት ያዛቸው። በ1909 መጨረሻ የመጣው ብርቱ ምት አካላቸውንና ንግግራቸውን ስላሰረው፥ በ1913 መጨረሻ እስካረፉ ድረስ መንግሥቱን በራሳቸው ሊመሩ አልቻሉም። በእነዚያ ዓመታት በመጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ፥ ቀጥሎም እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሥልጣኑን ይዘው ነበር፤ ራስ ተሰማም በ1911 ሞቱ። በዚያ ጊዜ በአገሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ነገር ግን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ምን እንደ ሆነ ሊያይ የሚችል ሐኪም በዓለም ሁሉ አልነበረም። በ1895 ሮንትገን ያገኘው ጨረር አጥንትን ያሳይ ነበር እንጂ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ለይቶ አያሳይም ነበር።

አሁን ስለ አንጎል አሠራር ጥቂት እንናገር። የሰው አንጎል ክብደቱ ከ1300 እስከ 1400 ግራም ያህል ነው። ከሰውነት ክብደት ከ50 እጅ አንዱን የሚያህል ትንሽ ነገር ሲሆን፥ ሰውነት ከሚፈልገው ኦክስጅን ግን ከ5 እጅ አንዱን ያህል ይወስዳል። በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ግራጫ መልክ ያለው ነው፤ ይህ ክፍል የአንጎል ሕዋሳት አካል የሚገኝበት፥ ሐሳብ የሚጠነሰስበት ነው። ሁለተኛው ነጩ ክፍል ነው፤ ይኸውም አንዱን የአንጎል ስፍራ ከሌላው የሚያገናኙ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች የተሰበሰቡበት ነው። ግራጫውን እንደ ስልክ ቤት፥ ነጩን እንደ ስልክ ሽቦ ብናስበው አንስትም። ክሮቹ ማየሊን በሚባል ስብ የተጠቀለሉ ናቸው፤ ነጭ መልክ የሰጣቸውም ይኸው ስብ ነው። መልእክቱ በፍጥነት እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ ሽፋን ነው።

የዴንማርክ ሊቃውንት በ2003 ባወጡት ጽሑፍ የ20 ዓመት ጎልማሳ ወንድ በአንጎሉ ያሉት ነጭ ክሮች ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው 176000 ኪሎ ሜትር፥ የሴት ደግሞ 149000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆን ገምተዋል። ይህ የወንዱ ክር ምድርን ከ4 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ሰውም 80 ዓመት ሲሞላው ርዝመቱ በ45 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብለዋል። እንግዲህ ሽማግሌ ሐሳቡ ከጎልማሳ ይልቅ ዝግ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። በ80 ዓመቱ ነገርን ቀስ ብሎ የሚያስብ፥ የሰው ስም ለጊዜው የሚጠፋበት፥ ነገር ግን ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው በሽተኛ አይባልም። በሽታ የሚባለው የሚያውቀውን ሥራ መሥራት፥ ገንዘቡን መቁጠር፥ መንገዱን ለይቶ መመለስ ሲያቅተውና ነገሩ ከወር ወደ ወር እየባሰ ሲሄድ ነው።

የነጩ ክፍል ጉዳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከደም ሥር ነው። በሮቢት ቆላ በቦይ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል። ውሃው ከወንዝ ሲጠለፍ በቦዩ ራስ ላይ ያለው ማሳ ጠግቦ ይጠጣል፤ በቦዩ ጫፍ ያለው ግን ውሃው ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርቀው እርሱ ነው። የአንጎል ጥልቅ ነጭ ክፍልም እንደዚሁ ከረዥምና ከቀጭን የደም ሥሮች ጫፍ ላይ ይገኛል። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር የእነዚህ ጥቃቅን ሥሮች ግድግዳ ይወፍራል፥ ይደነድናል፥ መተላለፊያውም ይጠባል፤ አንዳንድ ጊዜም ከደሙ ውስጥ ፈሳሹ ወደ ውጭ ይሰርጋል። በዚህ ጊዜ ክሮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይራባሉ፤ የስብ ሽፋናቸውም ይላላል። እንደ ምት በአንድ ቀን አይጥልም፤ ዝም ብሎ ለዓመታት ይሠራል። ስለዚህ ነው ሕመምተኛው መቼ እንደ ጀመረው ጠይቀውት ሊናገር የማይችለው።

ሊቃውንት ይህን ያወቁት ብዙ ደክመው ነው። ኦቶ ቢንስዋንገር የሚባል ሐኪም በ1894 የአንጎል ነጭ ክፍል በደም ሥር በሽታ ምክንያት ሲጎዳ አእምሮ እንደሚደክም ጻፈ። ሌላው የጀርመን ሐኪም አሎይስ አልትስሃይመር በ1901 በፍራንክፈርት አንዲት የ51 ዓመት ሴት መርምሮ፥ በ1906 በሞተች ጊዜ አንጎልዋን በማጉሊያ መነጽር አይቶ፥ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሌላውን የመርሳት በሽታ አስታወቀ። ነገር ግን ሁለቱም ያዩት የሙት አንጎል ነበር፤ ለሕያው ሕመምተኛ የሚጠቅም ማያ አልነበራቸውም። ያ የተገኘው ከ70 ዓመት ያህል በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሐውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የሚባለው መኪና በ1971 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አንጎል በጨረር ከፋፍሎ አሳየ። በ1973 ደግሞ አሜሪካዊው ላውተርበር በማግኔት ሥዕል ማንሣት እንደሚቻል አስታወቀ፤ እንግሊዛዊው ማንስፊልድም ጥበቡን አፋጠነው። ስለዚህም ሁለቱ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኤም አር አይ የሚባለው መኪና ይህ ነው። በ1987 በካናዳ የሚኖረው ሐኪም ሐቺንስኪና ባልደረቦቹ በሥዕሉ ላይ ለሚታየው የነጭ ክፍል መሳሳት የተለየ ስም አወጡለት።

የማግኔቱ መኪና አሠራር እንዲህ ነው። በሰውነታችን ከሁሉ የሚበዛው ውሃ ነው፤ በውሃም ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አስኳል እያንዳንዱ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይሆናል። ሕመምተኛው በብርቱ ማግኔት ውስጥ በተኛ ጊዜ እነዚህ አስኳሎች ይሰለፋሉ፤ መኪናው የራዲዮ ሞገድ ሲልክባቸው ከሰልፋቸው ይናወጣሉ፥ ወደ ስፍራቸውም ሲመለሱ መልሰው ምልክት ይሰጣሉ። ውሃ የበዛበት ስፍራና ስብ የበዛበት ስፍራ የሚሰጡት ምልክት የተለያየ ስለ ሆነ መኪናው ከዚያ ሥዕል ይሠራል። ጤነኛው ነጭ ክፍል በስብ የታሸገ ነው፤ በተጎዳ ጊዜ ግን ውሃ ይበዛበታል። ስለዚህ ጉዳቱ በአንዱ የሥዕል ዓይነት ላይ እንደ ነጭ ጠብታ ወይም እንደ ነጭ ደመና ሆኖ ይታያል። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ የውሃውን አካሄድ የሚለካ ጥበብ ተገኝቷል። በፈር ውስጥ ያለ ውሃ ፈሩን ተከትሎ እንዲሄድ በጤነኛ ክር ውስጥ ያለ ውሃም ክሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ፈሩ ሲፈርስ ግን ውሃው ወደ ሁሉም ወገን ይበተናል። በዚህም ሐኪሞች በተለመደው ሥዕል ላይ ገና ያልታየውን ጉዳት አስቀድመው ሊያዩ ይችላሉ።

ኤም አር አይ እንደ ሲቲ ስካን የኤክስሬይ ጨረር የለውም፤ ሕመምም አይሰጥም። ድምፁ ግን ብርቱ ነው፥ ስፍራውም ጠባብ ነው። ማግኔቱ ብረትን ስለሚስብ በሰውነቱ ውስጥ የጥይት ወይም የቦምብ ስባሪ የቀረበት፥ ወይም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የገባለት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። በጦር ሜዳ የቆዩ አባቶች በየቤቱ ስላሉ ቤተ ሰብ ይህን እንዳይዘነጋ አደራ እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሥዕሉ ላይ ነጭ ጠብታ ታየ ማለት ሰውየው አብዷል ወይም ይረሳል ማለት አይደለም። በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከ60 እስከ 90 ዓመት ያሉ 1077 ሰዎች በማግኔት ተመርምረው፥ በ2001 በወጣው ጽሑፍ ከዚህ ጉዳት ፈጽሞ ነጻ የተገኙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ተገልጿል። እንግዲህ ጥቂት ጠብታ እንደ ሽበት ያለ ነገር ነው። ጠብታው በዝቶ እንደ ደመና ሲያያዝ ግን ነገሩ ይከብዳል። በ2010 ብዙ ምርመራዎችን በአንድነት የመዘኑ ሐኪሞች ይህ ጉዳት የበዛበት ሰው በምት የመያዝ አደጋው 3 እጥፍ ያህል፥ በመርሳት በሽታ የመያዝ አደጋው ደግሞ 2 እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳይተዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ፍርድ ሳይሆን ምስክር ነው፤ ምስክርም ብቻውን አይፈርድም። ሐኪሙ ሥዕሉን የሚመዝነው ከሕመምተኛው አካሄድ፥ ከንግግሩ፥ ከቤተ ሰቡም ቃል ጋራ አስተያይቶ ነው።

የደም ሥሩ ጉዳትና የአልትስሃይመር በሽታ በምልክታቸው ይለያያሉ። በአልትስሃይመር በሽታ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ሽማግሌው የልጅነቱን እየተናገረ የጧቱን ይረሳል፤ በሥዕሉም ላይ ማስታወስን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ሟሽሾ ይታያል። በነጩ ክፍል ጉዳት ግን አስቀድሞ የሚታየው ዝግታ ነው፤ ነገርን አቅዶ መፈጸም ያቅታል፥ እርምጃ ይከብዳል፥ ሽንት ያስቸግራል፥ ጠባይ ይለወጣል። ቀደም ብለን እንደ ምሳሌ ያነሣነው ሽማግሌ ምልክቱ ይህን ይመስላል። ይሁን እንጂ በብዙ ሽማግሎች ላይ ሁለቱ በሽታዎች ተደርበው ይገኛሉ።

ታላቁ ወንድም በሬዎቹን ይሽጥን? ከመሸጡ አስቀድሞ አባቱን ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይውሰድ። የደም ግፊቱና የስኳሩ መጠን እዚያው ይለካለታል፤ ዓይኑና ጆሮውም ይታይለታል። ከመርሳት በሽታ ጋራ የሚመሳሰሉ፥ ነገር ግን በመድኃኒት የሚድኑ በሽታዎች እንዳሉ ይታወቅ፤ እነዚህም የታይሮይድ ዕጢ መድከም፥ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፥ ቂጥኝ፥ ብርቱ ኀዘንና ትካዜ፥ የማይስማማ መድኃኒትም ናቸው። ትናንት ደኅና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ በድንገት ቢቃዥና ትኩሳት ቢኖረው ግን ነገሩ እርጅና አይደለም። በቆላ አገር ወባ ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይድረስ። ፊቱ ቢጣመም፥ አንድ እጁ ቢዝል፥ ንግግሩ ቢተሳሰር ምት ነውና አንዲት ሰዓት እንኳ አይዘግይ።

በአዲስ አበባ የሚገኘው ሥዕል በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ሽማግሌው ወድቆ ራሱን ከተመታ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አእምሮው ቢደክም፥ ብርቱ የራስ ምታት ወይም አዲስ የሚጥል በሽታ ቢጀምረው፥ ነገሩ በጥቂት ወር ውስጥ እጅግ ቢባባስ፥ ወይም መርሳቱ ገና ሳያረጅ ቢይዘው ሐኪሙ ሥዕሉን ያዝዛል። ከራስ ቅልና ከአንጎል መካከል የተጠራቀመ ደም፥ ዕጢ፥ ወይም በአንጎል ጓዳዎች የተጠራቀመ ውሃ ቢገኝ ሐኪሞች በቀዶ ጥገና ሊረዱት ይችላሉ፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ሲቲ ስካን ይበቃል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ሳይኖር የቤቱን በሬ ሸጦ ሥዕል ማስነሣት ግን ሕመምተኛውን ላይጠቅም ቤቱን ያደኸያል። ሥዕሉ የደም ሥር ጉዳት መኖሩን ቢያሳይም ሐኪሙ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ያው የደም ግፊትን ጠብቅ የሚለው ነውና።

ታናሹም ወንድም «መድኃኒት የለውም» ማለቱ ግማሽ እውነት ነው። የሞተ ክር አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ግን ይቻላል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ 9361 የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው ታክመዋል። የአንደኛው ወገን የላይኛው ግፊት ከ140 በታች፥ የሁለተኛው ከ120 በታች እንዲሆን ተደረገ። በ2019 በወጣው ውጤት ግፊታቸው አብልጦ የወረደላቸው ሰዎች ላይ ቀላል የአእምሮ ድካም በ19 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ከመካከላቸው በማግኔት የተመረመሩትም በ4 ዓመት ያህል ውስጥ የነጭ ክፍላቸው ጉዳት የጨመረው በ0.92 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፥ በሌላው ወገን ግን በ1.45 ነበር። ፈጽሞ የመርሳት በሽታ በያዛቸው ሰዎች ቁጥር ላይ ግን ልዩነቱ የሚያረካ ማስረጃ እስኪሆን አልደረሰም። ስለዚህ መድኃኒቱ ተአምር አይሠራም፤ ነገር ግን ጉዳቱን ያዘገየዋል። ሽማግሌ ግፊቱ ከመጠን በላይ ቢወርድ ራሱን አዙሮት ሊወድቅ ስለሚችል መጠኑን ሐኪም ይወስን እንጂ ማንም በገዛ ፈቃዱ መድኃኒት አይጨምር፥ አይቀንስም።

ይህ ጥንቃቄ የሚጀመረው ሽበት ሲመጣ ሳይሆን በ40 ዓመት ነው። በአገራችን በ2015 በተደረገው ምርመራ ከጎልማሶች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር። በሽታው ሳያሳምም ስለሚኖር ያልተለካ ሰው አያውቀውም። በ2024 የወጣው የላንሴት ሊቃውንት ጉባኤ ጽሑፍ 14 ምክንያቶችን ቆጥሮ፥ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ከእነዚህም ውስጥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ ትንባሆ፥ መጠጥ ማብዛት፥ የጆሮና የዓይን መድከም፥ የተበከለ አየርና ብቸኝነት ይገኛሉ።

ወይዛዝርት የቤት አስተዳዳሪዎች በዚህ ነገር ከሐኪም የማያንስ ሥልጣን አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በወጥ ላይ፥ በሽሮ ላይ፥ በአንዳንድ አገርም በቡና ላይ የሚጨመረው ጨው ተደምሮ ከዚህ ስለሚያልፍ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ። ጫት በይፋት የሚበቅልና የሚቃም ቅጠል ነው፤ የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ግፊት ያለበት ሽማግሌ ቢተወው ይሻለዋል። የወጥ ቤት ጭስ መውጫ ይበጅለት። ዓይኑ በሞራ የተጋረደበት ሽማግሌ ሞራው ይገፈፍለት፤ የማያይና የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይርቃል፥ ከጨዋታ የራቀም አእምሮው ይዶለዱማል። በየቀኑ ይራመድ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ወደ መስጊዱ፥ ወደ ዕድሩ ከመሄድ አይከልከል። ሽምግልና ሲቀመጥ ነገሩ ቢጠፋበት እንኳ ከጎኑ የሚያስታውሰው ሰው ይቀመጥለት እንጂ ከወንበሩ አይነሣ።

ለሦስተኛው ወንድም የምንናገረው ይበልጥ ብርቱ ነው። አእምሮው የደከመን አባት ጣት ይዞ በወረቀት ላይ ማስነካት ልመናም ሽምግልናም አይደለም፤ ቅሚያ ነው። ቤቱን ለማደራጀት የሚፈልግ ሰው አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ ያደራጅ። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ማዘዙ ስለዚህ ጭምር ነው። ከላይ ያነሣናቸው ንጉሠ ነገሥትም በ1907 ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ብርቱው ምት ከመምጣቱ በፊትም በ1909 ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ብዙ ቢሆንም፥ ገና መናገር ሲችሉ የተናገሩት ቃል ስለ ነበረ ወራሹን መፈለግ አላስፈለገም። ማንም የቤት ጌታ ከዚህ ምሳሌ ሊወስድ ይችላል።

በመጨረሻ አገር ለሚያስተዳድሩ ሹማምንት አንዲት ቃል እንጨምራለን። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አውራጃ ቤት ለቤት ዞረው ከ60000 በላይ ሰዎችን በመመርመር የነርቭ በሽታዎችን ቆጥረው በ1990 ጽፈዋል። ያን ጊዜ የያዙት ብርቱ መኪና ሳይሆን ጥያቄና መልካም ዓይን ነበር። በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደ በጎማ እየተገፋ ወደ ሕመምተኛው አልጋ የሚቀርብ ትንሽ የማግኔት መኪና አለ፤ ሥዕሉ እንደ ትልቁ ጥርት ያለ ባይሆንም ለሩቅ አገር ተስፋ ነው። ነገር ግን እርሱ ጣርማ በርን ወርዶ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ አንድ የግፊት መለኪያ በየጤና ኬላው እንዳይታጣ፥ የተጀመረውም መድኃኒት በመካከሉ እንዳይቋረጥ ማድረግ የሹማምንት ፈንታ ነው። ዋጋው ከአንድ የማግኔት መኪና ጋራ አይወዳደርም፤ የሚያድነው የነጭ ክር ግን ብዙ ነው። ሽማግሎቻችንን በአእምሮ ሙሉ የምናቆየው በዚህ ነው።